ሕጉ እናቲቱን ያስራል፤ ልጅቷን የወሰዳትን አይጠይቅም

ግልጽ ደብዳቤ

ለሕንድ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን
ኒው ዴልሂ

ግልባጭ፦ በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለምትማሩ ኢትዮጵያውያን

ጉዳዩ፦ ለአማልክት በሚሰጡ የዳሊት ልጃገረዶች ላይ የሚፈጸመውን በደል ይመለከታል

ክቡራን የኮሚሽኑ አባላት፣

በኦክቶበር 2022 ኮሚሽናችሁ በራሱ ተነሣሽነት ለማዕከላዊው መንግሥትና ለስድስት ግዛቶች፣ ማለትም ለካርናታካ፣ ለኬረላ፣ ለታሚል ናዱ፣ ለአንድራ ፕራዴሽ፣ ለቴላንጋናና ለማሃራሽትራ ማሳሰቢያ ላከ። ልጃገረዶችን ለአማልክት በመስጠት ስም የሚፈጸመውን የወሲብ ብዝበዛ ለማስቆም ምን እንደሠሩ እንዲያስረዱ ጠየቃችኋቸው። ማሳሰቢያው ተገቢ ነበር፤ ስላወጣችሁትም አመሰግናለሁ። ሆኖም የካርናታካ የክልከላ ሕግ ከወጣ ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሞልቶት ነበር። አርባ ዓመት የተከለከለ ነገር አሁንም ማሳሰቢያ የሚያስፈልገው ከሆነ ክልከላው ራሱ የሳተው ነገር አለ። ብዕር ያነሣሁት ይህንኑ በግልጽ ለመናገር ነው። ሕጎቹ ልጅቷን ማን ሰጣት ብለው ይጠይቃሉ፤ ማን ወሰዳት ብለው ግን አይጠይቁም።

እኔ ኢትዮጵያዊት የሕግ ባለሙያ ነኝ። ለከፍተኛ ትምህርት ደቡብ ሕንድ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ ልማድ መጀመሪያ የሰማሁትም ዳሊት ከሚባሉት፣ በማኅበረሰቡ ከተገለሉት ወገኖች ከሆኑ የትምህርት ጓደኞቼ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የወላጆቼን ትውልድ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። የምጽፍላችሁ ይህን ውለታ ሳልዘነጋ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ወገኖቼም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ለጽሕፈት ቤታችሁ ይላካል። የኢትዮጵያን ሕግ ከምጠቅስበት ቦታ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናንተ ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን ለአማርኛ አንባቢ ላስረዳ። በሰሜን ካርናታካ በቤላጋቪ አውራጃ፣ ሳውንዳቲ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ የላማ ለተባለችው እንስት አምላክ የቆመ ቤተ መቅደስ በኮረብታ ላይ አለ። በየዓመቱ በጥር ወይም በየካቲት ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ከካርናታካ፣ ከማሃራሽትራና ከአንድራ ስፍር ቁጥር የሌለው ምእመን ወደዚያ ይጎርፋል። ለየላማ የምትሰጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ገና ለአቅመ ሔዋን አልደረሰችም። ገላዋን ታጥባ እርድ ትቀባለች፤ አዲስ ሳሪ ትለብሳለች፤ ቀይና ነጭ ዶቃ የተሰካበት፣ ሙቱ የሚባል ክር እንደ ማተብ አንገቷ ላይ ይታሰርላታል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ወንድ ሊያገባት አይችልም፤ ለአምላክ ተድራለችና።

መጠሪያው እንደየአካባቢው ይለያያል። በካርናታካ ዴቫዳሲ ወይም ባሳቪ፣ በቴላንጋና ጆጊኒ፣ በደቡብ አንድራና በሰሜን ታሚል ናዱ ማታማ ይሏታል፤ በማሃራሽትራ ካንዶባ ለተባለው አምላክ የምትሰጠው ደግሞ ሙራሊ ትባላለች። ልጆቹ የሚወጡበት ሠፈር ግን በሁሉም ቦታ ያው ነው። ማዲጋ፣ ማላ፣ ሆለያ፣ ማሃር፣ ማንግ የሚባሉት፣ ካስት በሚባለው፣ በውልደት በሚተላለፍ የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት ከሁሉም በታች የተጣሉት፣ ዛሬ በኅብረት ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩት ወገኖች ልጆች ናቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ልጅን ለቤተ መቅደስ መስጠት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ሌላ ነገር ነው። ሐና ተስላ የወለደችውን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ሰጥታለች። እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ የገባችበትን ቀን ታኅሣሥ 3 በአታ ብለን እናከብራለን። ስለት ያልገባ ቤተሰብ በአገራችን፣ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ፣ ብርቅ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር የሰማ ኢትዮጵያዊ ልጅቷ በቅጥሩ ውስጥ፣ በጸሎትና በካህናት ጥበቃ የምታድግ ሊመስለው ይችላል። የላማ የወሰደቻት ልጅ ግን እዚያ አታድርም። በዓሉ ሲያበቃ ከወላጆቿ ጋር ወደ መንደሯ፣ ከመንደሩም ዳር ተገፍቶ ወደተሠራው የዳሊቶች ሠፈር ትመለሳለች። ከዚያ ሰውነቷ እስኪደርስ ይጠበቃል። የወር አበባ ባየች ጊዜ ከላይኞቹ ካስቶች ወገን የሆነ፣ መሬት ያለው ወይም ገንዘብ ያለው ሰው ይመጣል። ለአባቷ ገንዘብ፣ ለእርሷ ሳሪ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ይገዛል። ሁለትና ሦስት ፈላጊ ከመጣ ዋጋው ይወጣል።

ሰውየው ሚስትና ልጆች አሉት። ልጅቷን ደስ እስካለው ያቆያታል፤ ሲሰለቻት ይተዋታል፤ ሌላው ይተካል። በቀን ከጉድጓዱ ውኃ እንዳትቀዳ የሚከለክላት፣ በእጇ የነካችውን የማይቀምስ ሰው በሌሊት ደጇን ያንኳኳል። በማራቲ ቋንቋ የሚነገር አባባል አለ፦ ዴቫዳሲ የአምላክ አገልጋይ ናት፣ የመንደሩ ሁሉ ሚስት ናት ይላል። መንደሩ የሚያደርገውን አሳምሮ እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። በቴላንጋና ደግሞ ጆጊኒዋ በበዓላት ላይና በቀብር ጉዞ በአስከሬን ፊት እንድትጨፍር ትጠራለች። ዕድሜዋ ሲገፋና ፈላጊ ሲጠፋ ወይ ለምና ትበላለች፣ ወይ በሰው ማሳ በቀን ሥራ ትውላለች። ብዙዎች ገና በልጅነታቸው ደላላ ወስዷቸው ወደ ሙምባይ ካማቲፑራ፣ ወደ ፑኔና ወደ ሳንግሊ የሴተኛ አዳሪ ሠፈሮች ገብተዋል።

ወላጅ ይህን በገዛ ልጁ ላይ እንዴት ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚጠይቁት ሁሉ መልሱን አጉል እምነት ብለው ይዘጉታል። እርግጥ ነው፣ እምነቱ አለ። የልጅቷ ፀጉር ተያይዞ እንደ ገመድ ሲቋጠር የላማ ጠራቻት ይባላል፤ ማበጠሪያና ዘይት ቢያገኝ የሚፈታ ፀጉር ነው። ቤተሰብ ሲታመም፣ ዝናብ ሲቀር፣ ከብት ሲያልቅ ስለት ይገባል። ነገር ግን በዚያው መንደር የሚኖሩት ባለመሬቶችም በየላማ ያምናሉ፤ እነርሱም ይታመማሉ፤ የእነርሱም ልጆች ፀጉር ይቋጠራል። ሴት ልጃቸውን ግን አይሰጡም። ኮኮናት፣ ሳሪ፣ ብር ይሰጣሉ። አንድ አምላክ ከሀብታሙ ኮኮናት፣ ከድሃው ልጅ የሚቀበል ከሆነ ዋጋውን የተመነው አምላክ ሳይሆን ሰው ነው።

ከእምነቱ በታች ያለው የኑሮ ስሌት ነው። ወንድ ልጅ የሌለው፣ መሬት የሌለው ሰው ሲያረጅ የሚጦረው የለም፤ ሴት ልጅ ስትዳር ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች፣ ለዚያውም ጥሎሽ የሚከፍለው የሴቷ ወገን ነው። ለየላማ የተሰጠች ልጅ ግን አታገባም፤ ስለዚህ ከቤት አትወጣም። በልማዱ እንደ ወንድ ልጅ ትቆጠራለች፤ ወላጆቿን ትጦራለች፤ ሲሞቱ የወንድ ልጅን የቀብር ሥርዓት ትፈጽማለች፤ ጎጆዋንም ትወርሳለች። አባትየው ጥሎሽ ከመክፈል ይድናል፤ ጧሪም ያገኛል። ጭካኔው ያለው በትክክል እዚህ ላይ ነው። ለአንዲት የዳሊት ሴት በገዛ ወላጆቿ ቤት እንደ ልጅ የመቆጠር መብት የተሰጣት ሰውነቷን ለመንደሩ ወንዶች በማቅረብ ዋጋ ነው። ስለዚህ ልማዱን በስብከት ብቻ ማስቆም አይቻልም፤ የእርጅና ጡረታ የሌለው፣ መሬት የሌለው፣ ወንድ ልጅ የሌለው አባት ዛሬም ያንኑ ስሌት ይሠራል።

ስለ ጥንቱ ክብር የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ። በታንጃቩር ታላቁ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከ1,000 ዓመት በፊት በንጉሥ ራጃራጃ ቾላ ዘመን የተቀረጸው ጽሑፍ አራት መቶ የቤተ መቅደስ ሴቶችን እየዘረዘረ ቤትና ድርሻ እንደተመደበላቸው ይናገራል። ውዝዋዜያቸው ዛሬ ባራታናቲያም ተብሎ በዓለም መድረኮች የሚታየው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ከእነዚያ ሴቶች ወራሾች መካከልም እንደ ዘፋኟ ባንጋሎር ናጋራትናማ ያሉት የያኔውን የማድራስ ግዛት የክልከላ ረቂቅ ሕግ የተቃወሙት ስለ ሙያቸውና ስለ ክብራቸው ተሟግተው ነው፤ ክርክራቸው መሰማት ነበረበት። ነገር ግን ጥበቡ ተወስዶ የጨዋ ልጆች ትምህርት ሲሆን፣ በደረቁ የሰሜን ካርናታካና የቴላንጋና መንደሮች የቀረችው የማዲጋ ልጅ መድረክም፣ የቤተ መቅደስ ድርሻም ኖሯት አያውቅም። በታንጃቩር ጽሑፍ የእርሷን ዕጣ ማስጌጥ አይገባም።

እንስት አምላኳን መክሰስም አልፈልግም። የላማ በሌላ ስሟ ሬኑካ ናት። በአፈ ታሪኩ መሠረት ወንዝ ወርዳ ለአንድ አፍታ ሐሳቧ ስለተበተነ ብቻ ባሏ ጠቢቡ ጃማዳግኒ ጠረጠራት፤ በትእዛዙም የገዛ ልጇ ፓራሹራማ አንገቷን ቀላ። ኋላ ሕይወት ስትዘራ፣ በሕዝቡ አፍ በሚነገረው ታሪክ፣ የእርሷና የአንዲት ዝቅተኛ ካስት ሴት ጭንቅላትና አካል ተቀያይሮ ነበር። በወንድ ጥርጣሬ የታረደች እናት ናት እንግዲህ፤ ሴቶቹም ይወዷታል። ሙቱውን ከአንገታቸው ያወለቁ ብዙዎች የላማን አልካዱም፤ ካዱ ብሎ የሚጠይቃቸውም መኖር የለበትም። ጉዳዩ የሂንዱ እምነት በሌሎች ዘንድ የሚሰደብበት አጋጣሚ እንዲሆን አልፈቅድም። ልማዱን ከማንም በፊት የታገሉት ሂንዱዎችና ዳሊቶች ራሳቸው ናቸው። እናታቸው ከዴቫዳሲ ማኅበረሰብ የተወለዱት ሐኪሟ ሙቱላክሽሚ ሬዲ በማድራስ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነው ረቂቁን አቀረቡ፤ ሕጉ የጸደቀው በ1947 ነው። የዳሊቶቹ መሪ ዶክተር አምቤድካርም በ1936 በቦምቤይ እነዚህኑ ሴቶች ሰብስበው ይህን ኑሮ እንዲተዉ ለምነዋቸዋል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የካርናታካ የ1982 ሕግ ሥርዓቱን የፈጸመ፣ የፈቀደ፣ የተካፈለ ወይም የረዳ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ሩፒ መቀጮ እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። አድራጊው ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም ዘመድ ከሆነ ግን እስራቱ ከሁለት ዓመት አያንስም ነበር፤ እስከ አምስት ዓመትም ይደርስ ነበር። የአንድራ ፕራዴሽ የ1988 ሕግም በወላጅ ላይ እንዲሁ ያከብዳል። ሕግ አውጪዎቹ ምን እንዳሰቡ ይገባኛል፤ ልጅን የመጠበቅ ግዴታ ከማንም በላይ የወላጅ ነው። ውጤቱን ግን ተመልከቱት። ወንጀል የተባለው ክሩን ማሰር ነው። ክሩ ከታሰረ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የገዛው ባለመሬት በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ስሙም፣ ሥራውም፣ ቅጣቱም የለም። በሥርዓቱ ዕለት በቦታው አልነበረም፤ ዶቃ አልነካም።

ስለዚህ ልጅቷ ነቅታ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ በዚያ ሕግ መጀመሪያ የምታሳስረው እናቷን ነው። እናቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሷ በልጅነቷ የተሰጠች ሴት ናት። የትኛዋ ልጅ ናት ይህን የምታደርገው? ዝምታው ከዚህ ይመጣል። ፖሊስ በሳውንዳቲ በዓል ላይ ጥበቃ ማድረግ ሲጀምር ሥርዓቱ ወደ ትናንሽ ቤተ መቅደሶች፣ ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ ሌሊት ዞረ። በፌብሩዋሪ 2014 የአገራችሁ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካርናታካ ዳቫናጌሬ አውራጃ በኡታንጊ ማላ ዱርጋ ቤተ መቅደስ ሌሊት ሊፈጸም የተቃረበ ሥርዓት እንዲከለከል የግዛቱን ባለሥልጣናት ማዘዝ ግድ የሆነበትም ልማዱ ስላልሞተ ነው።

ዝምታው ቁጥሩንም አዛብቶታል። ካርናታካ በ1993-94 እና በ2007-08 ባደረገቻቸው ሁለት ቆጠራዎች የተመዘገቡት 46,660 ሴቶች ናቸው። የእናንተው የ2022 ማሳሰቢያ የጠቀሰው የዜና ዘገባ ግን በዚያች ግዛት ብቻ ከ70,000 በላይ ናቸው ይላል፤ በዳኛ ራጉናት ራኦ የተመራው ኮሚሽን ደግሞ በአንድራና በቴላንጋና 80,000 እንደሆኑ አስቀምጧል። በሁለቱ የካርናታካ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት የቆጣሪ ስሕተት ብቻ አይመስለኝም። ሕጉ ከወጣ በኋላ የተሰጠች ሴት መዝገብ ላይ ወጥታ ዴቫዳሲ ነኝ ማለት ወላጆቿ ወንጀለኞች ናቸው ብሎ መፈረም ይሆንባታል። ካልተመዘገበች ደግሞ ጡረታውም፣ የቤት መሥሪያ ድጋፉም፣ ብድሩም አይደርሳትም። ሊረዳት የወጣ ሕግ ወጣቷን ከእርዳታው መዝገብ ውጭ ጥሏታል።

እኔን ዝም ያላሰኘኝ መፍትሔው አዲስ ሕግ የሚጠብቅ አለመሆኑ ነው። ዳሊቶችን ጨምሮ በሕግ ልዩ ጥበቃ በተሰጣቸው ካስቶችና ጎሣዎች ላይ የሚፈጸም ግፍን ለመከላከል በ1989 የወጣው ሕግ በ2015 ሲሻሻል የዳሊት ሴትን ለአምላክ፣ ለጣዖት ወይም ለቤተ መቅደስ ዴቫዳሲ አድርጎ መስጠትን ወይም ይህንኑ ማበረታታትን በአንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል ተራ ኬ ላይ በስም ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት እስራት ነው። የዚህ ሕግ ዋና ባሕርይ የሚታወቅ ነው፤ ተከሳሽ ሊሆን የሚችለው ከእነዚያ ወገኖች ያልሆነ ሰው ብቻ ነው። እናቲቱን አይነካም። ድግሱን የደገሰውን፣ ገንዘቡን ያበደረውን፣ ልጅህን ለየላማ ስጥ ብሎ የገፋፋውን የላይኛው ካስት ሰው ግን ያገኘዋል። ከዚህ ጋር ልጆችን ከወሲብ ጥቃት ለመጠበቅ የወጣው የ2012 ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለች ልጅ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ በ2019 ከተሻሻለ ወዲህ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረ ሰው ዝቅተኛ ቅጣት ሃያ ዓመት እስራት ነው። ያወቀ ሰው ሁሉ የማሳወቅ ግዴታም አለበት። የመጀመሪያዋን ሌሊት የገዛ ሰው በዚህ ሕግ ፊት ደንበኛ አይደለም፤ ደፋሪ ነው። ሁለቱ ሕጎች በፖሊስ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው፣ ጉዳዩ ሲመጣ ሲነሣ የኖረው የ1982ቱ ነው።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ነኝ ከሚል አገር አይደለም። በእኛም ዘንድ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ተንቀው፣ በጋብቻ ተገልለው የኖሩባቸው አካባቢዎች አሉ። ሴት ልጅን ጠልፎ ማግባትም ባህል ተብሎ ኖሯል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ እንዲድን በር ከፍቶለት ነበር። ቤተሰቡ ይሸማገላል፣ ጋብቻው ይጸናል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ያንን በር የዘጋው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ጋብቻ መፈጸሙ ከተጠያቂነት አያድንም አለ። ጠለፋ በዚህ ብቻ አልጠፋም። ግን ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ሰውየውን ሲከስ ሽማግሌ መጥቶ አግብቷታል እኮ ሊለው አይችልም። የሕጉ ዓይን ከልጅቷ ቤተሰብ ክብር ተነሥቶ ወደ አድራጊው መዞሩ ምን ያህል እንደሚለውጥ በሙያዬ አይቼዋለሁ። ከእናንተም የምጠይቀው ይኸንኑ ነው።

ኮሚሽናችሁ በ1993 ሲቋቋም በምርመራ ጊዜ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ያለው ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ሰነድ ማስቀረብ፣ ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ለስድስቱ ግዛቶች በድጋሚ ጻፉላቸው። በዚህኛው ደብዳቤ ስንት ሥልጠና ሰጣችሁ፣ ስንት ሰሌዳ ሰቀላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። በየአውራጃው የተከፈቱትን መዝገቦች ጠይቁ። በእያንዳንዱ መዝገብ ተከሳሹ ማን ነው፤ እናት ነው፣ አባት ነው፣ ካህን ነው፣ ወይስ ልጅቷን ያቆያት ሰው? የተጠቀሰው አንቀጽ የትኛው ነው? ምን ተፈረደ? ከወላጅ በቀር ተከሳሽ የሌለበት አውራጃ ካለ የፖሊስ አዛዡ ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ። መልሱንም ለሕዝብ አውጡት።

እውነቱን የምትናገር እናትና የምትመሰክር ልጅ ከክስ ነጻ እንዲሆኑ አሳስቡ፤ ያለዚህ ምስክር አይገኝም። አዲስ ቆጠራ ሲደረግም ስማቸውን ምስጢር በሚያደርግ መንገድ፣ ማታማም ጆጊኒም ባሳቪም ሙራሊም ሳይባል ይሁን፤ በእኛ ግዛት ዴቫዳሲ የለም የሚል ባለሥልጣን በስም ልዩነት እንዳያመልጥ። ስለ ልጆቻቸው ካርናታካ በ2025 ያጸደቀችው አዲስ ሕግ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ልጁ አባቱ ማን እንደሆነ በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥለትና ከአባቱ እንዲወርስ መንገድ ከፍቷል። ለምዝገባ በሄደ ቁጥር የአባት ስም ሲባል አንገቱን የሚደፋ ሕፃን ምን ያህል እንደሚቆስል፣ በአባት ስም ለምንጠራ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ሕግ ለሌሎቹ ግዛቶችም አርአያ እንዲሆን አድርጉ። በተለይ ውርሱ ከምንም በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ባለመሬቱ በሌሊት የሄደበት ቤት ነገ በማሳው ላይ ድርሻ የሚጠይቅ ወራሽ እንደሚያበቅል ካወቀ፣ አርባ ዓመት የተሰበከው ስብከት ያላደረገውን ያደርጋል።

ለሴቶቹም መሬት በስማቸው ይሰጥ። ብድርና የልብስ ስፌት መኪና መልካም ነው፤ የእርጅና ጧሪ ፍለጋ ልጅን የመስጠቱን ስሌት የሚያፈርሰው ግን መሬትና በቂ ጡረታ ነው። ይህን ስትወስኑ አስቀድማችሁ የምታማክሩት ራሳቸውን ነው። በሰባት ዓመቷ ለየላማ የተሰጠችው ሲታቫ ጆዳቲ በቤላጋቪ አውራጃ ከእርሷ መሰል ሴቶች ጋር በመሠረተችው ማኅበር ብዙዎችን ከዚህ ኑሮ አውጥታለች፤ አገራችሁም በ2018 የፓድማ ሽሪ ሽልማት ሰጥታታለች። እርሷንና ጓዶቿን የሸለመ መንግሥት አጀንዳውን ሲያረቅቅ ወንበር ሊስብላቸው ይገባል።

በሃይደራባድ፣ በቪሳካፓትናምና በሌሎችም ከተሞች የምትማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጥቂት ቃል ለእናንተም አለኝ። ሕግ፣ ማኅበራዊ ሥራ፣ የሕዝብ ጤና የምታጠኑ ብዙዎች ናችሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ የፍርድ ቤት መዝገቦችን አስቡ። ማን ተከሰሰ፣ በምን አንቀጽ፣ ምን ተፈረደ የሚለውን የሚያሳይ ጥናት ለዚህ ክርክር በጣም ይጠቅማል። ወደ መንደሮቹ ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ። ፎቶዋ በማታውቀው አገር እንዲዞር የፈቀደች ሴት የለችም፤ በቂ ሰው ገላዋን ሳያስፈቅድ ወስዷል። የዳሊት የክፍል ጓደኛ ካላችሁም ምሳ አብራችሁ ብሉ፤ በአንዳንድ ማደሪያ ቤቶች ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ክቡራን የኮሚሽኑ አባላት፣ ከእናንተ የምጠብቀው መልስ በአውራጃ የተከፋፈለ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንደኛው ዓምድ የተከሳሾቹ ብዛት፣ በሁለተኛው ለልጅቷ ምን እንደሆኑ የሚገልጽ። ሠንጠረዡ ሲወጣ ወደ አማርኛ መልሼ ለአንባቢዎቼ አቀርበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ኢትዮጵያዊት የሕግ ባለሙያ
አዲስ አበባ